እናቴን ያጠጣት ማን ነው?

ጂን ታየኝ፣ መንፈስ ጠራኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ሳቄ ነው የሚቀድመኝ፤ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ውስጥ ፍሪጅ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ቤቴ ውስጥ ድምፅ ይሰማል ለሚለኝ ሁሉ "መጀመሪያ የፍሪጅህን ኮምፕረሰር አሳየኝ" ነው መልሴ፣ እና ይህን የምነግርህ እንድትደነቅልኝ ሳይሆን እስካሁን ከውስጤ ስላልወጣ ነው።

በኮሮናው ጊዜ ነው። እናቴ ጎንደሬ ናት፣ ሱዳናዊው አባቴ ከሞተ በኋላ የቀረነው እሷና እኔ ብቻ ነን፣ ሳሉ ሲጠናባት ሆስፒታል አስገባኋት። በሳምንቱ ትንፋሿ መለስ አለ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ዶክተሯ ጠርታ "ሳንባዋ ተሽሎታል፣ ግን በሽታው ኩላሊቷን መትቶታል፣ ሽንቷ ቆሟል" አለችኝ። የምትጠጣው ውሃ መውጫ ስለሌለው ተመልሶ ሳንባዋን ያፍነዋል፣ ስለዚህ የተፈቀደላት ነርሷ ለክታ የምትሰጣት ጥቂት ጉንጭ ብቻ ነው፣ ሽንቱ ካልመጣ ደግሞ የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋታል፣ ለማሽኑ ወረፋ አለ። አልጋዋ ጎን የተንጠለጠለችውን የሽንት ከረጢት ስንት ጊዜ እንዳየኋት አትጠይቀኝ፣ ሁልጊዜ ባዶ ናት።

በቀን አንድ ጊዜ ጋውንና ማስክ አድርጌ እገባ ነበር። ያን ቀን ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ጠበቀችኝ።

"ሳሚዬ፣ ውሃ።"

"እማ፣ ዶክተሯ ከልክላለች። ሲሻልሽ ትጠጫለሽ፣ ኢንሻላህ።"

"አንድ ጉንጭ። እኔ አንተን ስንቴ አጠጥቼህ የለ?"

"በማርያም፣ እንዲህ አትበይኝ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትቻት ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ስር ዚር አለ፣ ካርቱም የኖረ ያውቀዋል፣ ለሞተ ሰው ነፍስ ተብሎ አላፊ አግዳሚው እንዲጠጣበት የሚቀመጥ የሸክላ ጋን ነው፣ ክዳኑ ላይ የቆርቆሮ ጣሳ ይቀመጣል። አም ኢድሪስ ከሚባሉት ሽማግሌ ዘበኛ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ነው፣ ጣሳውን ሞልቼ ሮጬ ብገባስ እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ፣ ግን እመነኝ፣ ንቅንቅ አላልኩም።

መጀመሪያ የሰማሁት ጣሳ ጋኑ ውስጥ ገብቶ ሲቀዳ ነው፣ ዞር ስል ጋኑ ጋ ማንም የለም፣ ነፋስ ነው አልኩ። ቀጥሎ ጫማ መሬት ላይ ሲጎተት፣ እየራቀ። ትንሽ ቆይቶ ክፉኛ የጠማው ሰው ውሃ ሲጎነጭ ሰማሁ፣ ጆሮዬ ስር፣ በቃ እዚሁ። ቀኝ እጄን ባየው ረጥቧል። ላብ ነው እንዳልል ላብ እንደዚያ አይቀዘቅዝም፣ እንደዚያ የሚቀዘቅዘው የዚር ውሃ ነው። ወደ ጋኑ ባይ ጣሳው የለም።

ወዲያው ነርሷ ጣሳውን ይዛ እየጮኸች ወጣች።

"ጀርባዬን ስሰጥ ጠብቀህ ታጠጣታለህ? ልትገድላት ነው?"

"እኔ አልገባሁም!"

"በዓይኔ አይቼሃለሁ! ራሷን ደግፈህ!"

አም ኢድሪስ ጣልቃ ገቡ፣ "ወላሂ ልጄ፣ ይህ ልጅ ከዚህ አልተነሳም።"

እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ የረጠበውን እጄን አየች፣ ጣሳውን ክዳኑ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

በበነጋው ብሶባት አገኛታለሁ ብዬ እየፈራሁ ስገባ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ትጠብቀኛለች።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ጌታ። ጠግቤ ጠጣሁ። አንተም የሚያጠጣህ አትጣ።"

እማ፣ እኔ አይደለሁም ልላት አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን "አሜን" ነው።

በሦስተኛው ቀን ወረፋዋ ሳይደርስ አረፈች። ዶክተሯን ስጠይቃት "አንድ ጣሳ ውሃ አይገድላትም፣ አያድናትምም" አለችኝ፣ እኔም በዚያ ልጽናና ሞከርኩ።

ሰው ይህን ስነግረው አልፈራህም ወይ ይለኛል። ፈርቻለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ከፍርሃቱ ቅናቱ ይብሳል። ትናፍቀኛለች፣ ሳስታውሳት ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ ወደ ግድግዳው ያዞረችው ፊቷ ነው። ያ የኔን መልክ የያዘው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቢገጥመኝ ማን ነህ ብዬ አልጠይቀውም። ጠጥታ ስትጨርስ ፊቷ ምን ይመስል ነበር ብዬ ነው የምጠይቀው።