በስፖኪዮ ውስጥ ያለው ቢጫ መብራት

እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። አባቴ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ መጥቶ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ውስጥ የከፈታት ሱቅ አለችን፣ ከሃያ ዓመት በላይ እዚያ ሜትር ይዤ ስለካ ኖሬያለሁ፣ እና በሜትር የማይለካ ነገር አላምንም። ጂን ታየ፣ የሞተ ሰው ተጣራ የሚል ወሬ ሱቅ ሲመጣ «ስንት ሜትር ነው?» ብዬ የምቀልድ ሰው ነበርኩ፣ እናቴ «አስተግፊሩላህ በል» ብላ እስክትቆጣኝ ድረስ። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ፣ እንዲህ ያለ ነገር ማመን የሚወድ ሰው የሚያወራችሁ እንዳይመስላችሁ። አሁንም አላምንም። የሆነውን ብቻ ነው የምናገረው።

ታናሽ ወንድሜ አንዋርና እኔ ሞተር ወዳጆች ነበርን። ሞተር ስላችሁ ዕቃ የምታመላልሰውን ትንሿን አይደለም፣ ክሩዘር የሚባለውን፣ ወንበሩ ዝቅ ብሎ፣ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ የሚነዳውን፣ ቆሞ እንኳ የሚኮራውን ነው። ሁለቱንም የገዛናቸው አገሩ ሊገባ ዕቃውን ከሚሸጥ ፈረንሳዊ ነው፣ ጥንድ ናቸው፣ ነጣጥዬ አልሸጥም ብሎ ግግም አለብን። የኔው ደህና ነበር። የአንዋር ግን ሁለት ጉድ ነበረበት፤ አንደኛ፣ የፊት መብራቱ የድሮ ቢጫ አምፖል ነው፣ ሁለተኛ፣ ቆሞ ሲሠራ ያነክሳል፣ ዱብ፣ ዱብ ይልና አንዷን ይዘላታል፣ ከዚያ ዱብ። ዋይስ የሚባል መካኒክ ጓደኛ አለን፣ የጅቡቲ ሱማሌ ነው፣ ድሬዳዋ አጎቱ ቤት ስላደገ አማርኛው ከኔ አይተናነስም፣ እሱ ስንት ጊዜ ላስተካክልልህ ቢለው አንዋር አሻፈረኝ አለ። «አቦ ተወው፣ ከሩቅ እኔ መሆኔ ይታወቅ» ይለው ነበር።

ዓርብ ዓርብ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ስድስት ሰባት ሆነን እንወጣለን። ባልባላን፣ ፒካ 12ን አልፈን ወደ አርታ፣ መገንጠያው ላይ ያለችው ሻይ ቤት አረፍ ብለን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ለጁምዓ እንመለሳለን። ሕጋችን አንድ ናት። ከፊትህ ስላለው አትጨነቅ፣ ከኋላህ ያለው ግን ያንተ አማና፣ ያንተ አደራ ነው። ስፖኪዮህን፣ ያቺን የኋላ ማያ መስታወት፣ ቶሎ ቶሎ እያት፣ መብራቱን ካጣኸው ቁም፣ ካልመጣ ተመለስ።

ያን ዓርብ ሌሎቹ ቀርተው ሁለታችን ብቻ ወጣን፣ እኔ ፊት፣ አንዋር ኋላ። በጠዋት ወደ አርታ ስትሄዱ ፀሐይ የምትወጣው ከጀርባችሁ ነው፣ ስፖኪዮው ብርሃን ይሞላና ዓይን ይወጋል። እጄን ሰደድ አድርጌ ወደ ታች አጎነበስኩት። በቃ፣ ያደረግኩት ይህን ነው። ከዚያ በኋላ እዚያ ውስጥ ይታየኝ የነበረው የገዛ ጉልበቴ ነው። ሻይ ቤቱ ደረስኩ፣ ሁለት ሻይ አዘዝኩ፣ የሱን ስኳር አብዙበት አልኩ፣ የኔን ጠጣሁ። አንድ ቦታ ቆሞ ስልክ እያወራ ይሆናል ብዬ ቀስ ብዬ ነው የጠጣሁት። የሱ ከፊቴ ተቀምጦ ቀዘቀዘ። ከዶራሌ ወደብ ጭኖ የሚወጣ አንድ ያገራችን ከባድ መኪና ሹፌር ሞተሬን ሲያይ ቆመና «ወንድም፣ እንደዚህ ያለ ሞተር የያዘ ልጅ ታች ኩርባው ላይ ወድቋል» አለኝ።

ስደርስ ሸራ አልብሰውት ነበር። ጠጠር አንሸራቶት ነው፣ የማንም ጥፋት የለበትም፣ አሉ።

ለእናቴ ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ። «ኡሚ፣ መብራቱ ከስፖኪዮዬ ሲጠፋ ወዲያው ተመለስኩ፣ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሸሃዳ አስባልኩት፣ እጄ ላይ ነው ያለፈው» አልኳት። እሷም ደረቷን ይዛ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ብቻውን አልሞተም» አለች። ከዚያ በኋላ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ይህንኑ ስትነግር ከአጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። የሚያኖራት እሱ ነበር፣ ከሷ ላይ እንዴት አድርጌ ልንጠቀው? የሻዩን ነገርማ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለዋይስም ጭምር። ደግሞ አላለቀስኩም። ሰው «ድንጋጤ ነው፣ በኋላ ይወጣል» ይለኝ ነበር፣ አልወጣም። በአራተኛው ቀን ሱቅ ከፍቼ ለሙሽራ ጨርቅ ለካሁ፣ አንዲት ሴንቲ አልተሳሳትኩም።

አርባው ሲያልፍ ወደ ሞተሬ ተመለስኩ። ናፍቆኝ አይደለም፣ ምንም አይናፍቀኝም ነበር፣ ዓርብ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ስፖኪዮውን ነው። ስቀመጥ ሰማይ ብቻ ያሳየኛል። ለዓይኔ አስተካክዬ ግቢያችን ውስጥ፣ ኡሚ መስኮት ሥር አቁሜው እገባለሁ፣ በሚቀጥለው ዓርብ ስወጣ እንደገና ወደ ላይ ቀና ብሏል። አንዋር በአንድ ራስ ይበልጠኛል፣ ማለቴ ይበልጠኝ ነበር፣ እና ስፖኪዮው ልክ በሱ ቁመት ያለ ሰው ተቀምጦ ያስተካከለው ይመስላል። ዋይስን አሳየሁት።

«አቦ፣ ይሄ ሞተር ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ብሎን ይላላል። ሴ ኖርማል» አለኝ፣ በቁልፍ ጥርቅም አድርጎ አሰረልኝ።

«ሲላላ ወደ ታች አይወድቅም እንዴ?»

«ጀማል፣ ጨርቅህን ሽጥ» አለኝና ሳቅን። በሳምንቱ ያው ሰማይ።

ጓደኞቻችን ደግሞ በደግ ልብ አንድ ልማድ አምጥተው ነበር። ስንነዳ ከኔ ኋላ የአንዋርን ቦታ ክፍት ይተዉለታል፣ ዋይስ ከዚያ ራቅ ብሎ ይከተላል። አንድ ዓርብ ፒካ 12ን እንዳለፍን ስፖኪዮውን ባይ ቅርቤ አንድ መብራት አለ። ቢጫ ነው። ዋይስ ክፍተቱን ዘንግቶ ተጠጋ ብዬ አለፍኩት፣ እመኑኝ፣ ምንም አልመሰለኝም። ኩርባው ላይ ስንደርስ ጠፋ። ሻይ ቤቱ ገብተን ሄልሜታችንን ስናወልቅ ጠየቅኩት።

«ምን አስጠጋህ?»

«እኔ? ዋላሂ አልተጠጋሁም፣ አንተን ነጥብ አክለህ ነው የማይህ።»

«ቢጫ አምፖል ያስገባው ማነው ታዲያ?»

ዋይስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የሁላችንም ነጭ ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሱን አምፖል እኔ ነኝ የፈታሁት፣ ጋራዥ መሳቢያ ውስጥ አለ። ሞተሩም ተበትኗል፣ ታውቃለህ» አለኝ። አውቃለሁ። ሲበትነው አጠገቡ ቆሜ ብሎኑን የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐምሌ ነው ዋናው ነገር የሆነው። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከተማውን በአቧራ ሸፍኖት ነበር፣ ዋይስ ደውሎ «ዛሬ ማንም አይወጣም፣ ተኛ» አለኝ። አልተኛሁም። ቤት ብውል ኡሚ ከአክስቴ ጋር ቁጭ ብላ «ብቻውን አልሞተም» ስትል እሰማለሁ፣ እሱን ላለመስማት ብቻዬን ወጣሁ።

ፀሐይ የምትባል አልነበረችም። ሁሉም ነገር ሻይ በወተት መልክ ነበረው፣ የከባድ መኪናዎቹ ድምፅ ይሰማል እንጂ ራሳቸው የሚታዩት አጠገብ ሲደርሱ ነው። ባልባላን እንዳለፍኩ ስፖኪዮው ውስጥ ቢጫዋ መብራት ነበረች። ፍጥነት ጨመርኩ፣ ጨመረች። ቀነስኩ፣ ቀነሰች፣ ያንኑ ርቀት ይዛ፣ ልክ አንዋር ይዞት እንደሚመጣው፣ አትቀርብም፣ አትርቅም። ልቤ የሚመታ መስሎኝ ጠበቅኩ፣ አልመታም። «እሺ» አልኩ ለራሴ፣ ገበያተኛ ጨርቅ ሲመርጥ እንደምለው።

ኩርባው ላይ ስደርስ መንገድ ዳር ወጥቼ ቆምኩ። ሞተሬን አጠፋሁ።

ከኋላዬ ሌላ ሞተር ይሠራ ነበር። ዱብ፣ ዱብ፣ ዝላይ፣ ዱብ። ትንሽ እንደዚያ ቆየና እሱም ጠፋ። ሞተር ነድታችሁ የምታውቁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ የጋለ ብረት ሲበርድ ትክ፣ ትክ ይላል፣ ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው ማለቴ ነው፣ ከሞተሩ ሥር። የኔ ከሥሬ ትክ ትክ ማለት ጀመረ። ሌላው ደግሞ ከኋላዬ፣ አምስት ስድስት ሜትር ቢሆን ነው፣ ዘግየት እያለ ይመልስለታል። ስፖኪዮውን አየሁ፣ ሳልነካው ቀና ብሏል፣ አቧራና ሰማይ ብቻ። እጄን ልሰድና ላስተካክለው እችል ነበር። ዞሬ ማየትም እችል ነበር፣ አንገት አለኝ። አልዞርኩም። እሱ የሞተ ቀን ያላየሁትን ያን ጠዋትም አላየሁትም።

«አንተ ፊት ሁን፣ እኔ እከተላለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ። ያልኩት ይህንን ብቻ ነው። ያለፈኝ ግን ማንም የለም። ትክትክታው ሁለቱም አብረው እስኪያቆሙ ጠበቅኩ፣ ከዚያ አስነስቼ ዞርኩ፣ መንገዱ ባዶ ነበር፣ ወደ ቤት ሄድኩ። ስፖኪዮውን እንደ ቀና ተውኩት።

ግቢ ስገባ ኡሚ በር ላይ ቆማለች።

«ከማን ጋር መጣህ?»

«ብቻዬን ነኝ ኡሚ።»

«ሁለት ሞተር ነው የሰማሁት» አለች፣ በኔ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ በሩ እያየች። ፊቷ ላይ ድንጋጤ የለም፣ እንግዳ እንደምትጠብቅ ሰው ነበረች።

ሄልሜቴን እንኳ አላወለቅኩም። በቃ ከአፌ አመለጠኝ፣ «ኡሚ፣ ያን ቀን ወዲያው አልተመለስኩም። ስፖኪዮውን አጎንብሼው ነበር። ስደርስ...»

«አውቃለሁ» አለችኝ። እጄን ያዘችኝ፣ እጇ እርጥብ ነበር፣ ውዱእ አድርጋ ነው መሰለኝ። «ሸሃዳውን ብቻውን ነው ያለው፣ ግን ብሏል፣ አይዞህ። ‹ስኳር እንኳ አስበዝቶልኝ ነበር፣ ሻዬ ቀዝቅዞ ቀረ› ነው ያለኝ። አልተቀየመህም። ግባና ታጠብ፣ ጁምዓ ይደርስብሃል።»

ገባሁ፣ ታጠብኩ፣ መስጊድ ሄድኩ፣ ሰገድኩ። እዚያም አላለቀስኩም። የሻይ ቤቱ ሰው ነግሯት ይሆናል ብዬ ለራሴ አስረዳሁት፣ ነገር ግን ኡሚ ከዚህ ሰፈር ወጥታ አታውቅም፣ ሰውዬውም የኛን ቤት አያውቅም። መጠየቅ የነበረብኝ አንድ ቃል ነው፣ መቼ። «መቼ ነገረሽ?» ብላት ትመልስልኛለች፣ እናቴ አትዋሽም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ ስለ አንዋር ስታወራ «ብቻውን አልሞተም» ማለቱን ትታለች። እኔም ሞተሩን አልሸጥኩትም። ባለፈው ዓርብ ከሱብሂ በኋላ ሳስነሳ ኡሚ የግቢውን በር ልትከፍትልኝ ወጣች፣ በፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። አለፍኩና ስፖኪዮውን ወደ ዓይኔ መለስኩት። እዚያ ውስጥ ኡሚ በሩን ይዛ ቆማለች። እኔ ከወጣሁ በኋላም አልዘጋችውም፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፣ ሰፊ ነገር እንደምታሳልፍ ሰው፣ በዓይኗ ከግቢው እስከ መንገዱ አንድ ነገር ሸኘች፣ ከዚያ ነው በሩን የዘጋችው።