መተንፈስ የሚረሳው ልጄ

ፈጠራ የሚመስለው ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ሙቀት ክፍል ውስጥ ነው የሆነው።

ልጄ መተንፈስ ይረሳ ነበር።

ያለ ቀናቸው የተወለዱ ልጆችን እንዲህ ያደርጋቸዋል። ያኔ ማሽኑ ይጮሃል፣ ነርሷ ውስጥ እግሩን በጣቷ መታ መታ ታደርገዋለች፣ ትንፋሹም ይመለሳል።

እኔ ደግሞ መተኛት ረሳሁ። ዓይኔን ከጨፈንኩ የሚሞትብኝ ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ቀን የሆስፒታሉ የወላጆች አማካሪ በግድ አስወጣችኝ።

«ነይ እህቴ፣ ትንሽ ንፋስ ይንካሽ። አንቺ ከወደቅሽ እሱ ማን አለው?»

«ከወደቅኩማ አንቺ ታነሺኛለሽ። ደሞዝሽ ለምንድነው?»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ ... ከወለድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ስንመለስ አንዲት ሴት ልጄ የተኛበት የማሞቂያ ሳጥን ላይ ተደፍታ አገኘናት።

የመስኮቷ እናት ነበረች። እንዲህ የምንላት የልጇ ሳጥን መስኮቱ ስር ስለነበረ ነው። ልጇ ጠዋት ሞታለች።

እጇን በሳጥኑ ቀዳዳ አስገብታ የልጄን እግር መታ ... መታ ... ታደርጋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቀስ በይ ... ይባንናል» አለች በሹክሹክታ። «የኔዋ ስትረሳ የነካልኝ የለም።»

ደሜ ፈላ። ፀጉሯን ጨምድጄ ጎተትኳት። ክንዴን ነከሰችኝ፤ ጥርሷ ሥጋዬ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። ፊቷን በቡጢ ደጋግሜ መታሁት። አማካሪዋ ልትገላግለን መሃል ስትገባ ሴትየዋ ከግድግዳው ጋር አላተመቻት።

«ተያት ... ሐዘን ላይ ናት» አለችኝ አማካሪዋ ደም እየተፋች።

አልሰማኋትም። ዘበኛው መጥቶ ሴትየዋን እየጎተተ አስወጣልኝ። በሩ ተዘጋ።

ማሽኑ ጮኸ።

ነርሷ ሮጣ መጣች። እግሩን መታ መታ አደረገችው። ጀርባውን አሸችው።

ምንም የለም ... ከንፈሩ ጠቆረ።

ነርሷ ኦክስጅን ልታመጣ ዞር ስትል ውስጥ እግሩን አየሁት።

ቆዳው ጎድጎድ አለ። ተመለሰ። ደግሞ ጎድጎድ አለ ... ማንም ሳይነካው።

ልጄ ትንፋሹን ሳበ።

ቀና አልኩ። ሴትየዋ ከክፍሉ መስታወት ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። በደም የራሰ ጣቷ መስታወቱን መታ ... መታ ... ያደርጋል። የልጄም ቆዳ እኩል ይጎደጉዳል።

«ይቅር በይኝ» አልኳት እያለቀስኩ። «እባክሽ ... እንዳታቆሚ።»

አየችኝ።

ከዚያ ጣቷን ከመስታወቱ ላይ አነሳች።