ማማሰሉ ሲቆም

«ቀስ በይ እንጂ! ሾርባ መሰለሽ እንዴ?»

ጭራሮ እጇን አለዘበች። ቅጥነቷን አይታ ይህን ቅጽል ስም ያወጣችላት አሁን የምትቆጣት ታላቅ እህቷ ናት። እሷ ደግሞ እህቷን አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ እትዬ ነው የምትላት። ሁለቱ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው፣ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ መሃላቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ባልዲው ውስጥ የመዳብ ጨውና አሲድ የተበጠበጠበት፣ ዓይን የሚስብ ሰማያዊ ውሃ አለ። በውሃው መሃል አንዲት ቅጠል በቀጭን ሽቦ ተንጠልጥላለች። ቅጠሏ ኤሌክትሪክ እንዲያልፍባት ጥቁር ቀለም ተቀብታለች። በግራና ቀኟ ከተሰቀሉት የመዳብ ቁራጮች ላይ መዳቡ በኤሌክትሪክ ጉልበት እየሟሟ ቀስ በቀስ ይለብሳታል። ሲያልቅ ጅማቷ ሳይቀር የሚቆጠር የመዳብ ቅጠል ትሆናለች፤ የአንገት ጌጥ።

«ማማሰሉን ባቆምስ ምን ይሆናል?» አለች ጭራሮ፣ ጓንት ባጠለቀ እጇ የብርጭቆውን ዘንግ እያዞረች። መልሱን ታውቀዋለች። እትዬ ስለ ሥራዋ ስታወራ ፊቷ ስለሚፈታ ነው የጠየቀችው።

«ካቆምሽማ ቅጠሏ አጠገብ ያለው ውሃ መዳቡን ይጨርሳል። ሌላ ካልመጣለት ጫፍ ጫፏ ያርራል፤ ይጠቁርና አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። በኃይል ካማሰልሽው ደግሞ ከታች የተኛው ቆሻሻ ተነስቶ ይለጠፍባታል። ሕፃን ማባበል በይው። አታስተኚያትም፣ አታስለቅሻትም።»

ሌሎቹ የሙያው ሰዎች ለዓሣ ገንዳ የሚሆን ትንሽ ፓምፕ ይከቱበትና ይገላገላሉ። እትዬ ግን «ከእጄ የሚበልጥ ፓምፕ ገና አልተሠራም» እያለች ትኩራራ ነበር። እንዲህ ማለት ከተወች ሰንብታለች። ቀኝ እጇ መጀመሪያ መርፌ መያዝ አቃተው፣ ቀጥሎ ማንኪያ። አሁን ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈው ጭኗ ላይ ተጋድመዋል፤ በመሃላቸው አንዲት ለስላሳ የጎማ ኳስ አለች። ኳሷን ቀኑን ሙሉ ትጨምቃለች። «ጠንክራ ከሠራች እጇ ይመለሳል ብሎኛል ሐኪሙ» ያለችው እናታቸው ናት።

ሐኪሙ እንዲያ አላለም። ያን ቀን ጭራሮ የእናቷን ቦርሳ ይዛ የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር፤ በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር። «አይመለስም፣ እናቴ» አለ ሐኪሙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግራውም ይከተላል። ደግሞ እንዳታደክሙት፤ የዛለ ጡንቻ ሲገደድ ቶሎ ነው የሚያልቀው።» እናቷ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። የጭራሮን ክንድ ጭብጥ አድርጋ ይዛ፣ «ትንፍሽ ብትዪ አልወለድኩሽም» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ጭራሮ ትምህርት ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ የመምህሩ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያታል እንጂ የሚለው አይገባትም።

ኳሷ ከእትዬ ጣቶች አምልጣ ወለሉ ላይ ተንከባለለች።

«አየሽ! ትናንት ስላረፍኩ እኮ ነው» አለች እትዬ። «ዛሬ እጥፍ አድርጌ መሥራት አለብኝ።»

«ትንሽ ብታርፊስ?»

«አርፌ አርፌ አይደል እንዴ እዚህ የደረስኩት!» ኳሷን በግራ እጇ አንስታ ቀኟ ውስጥ ሸጎጠችና ጥርሷን ነክሳ ጨመቀች። ክንዷ ተንቀጠቀጠ፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። «የእኔ ስንፍና ነው፣ ጭራሮ። ሐኪሙ ጠንክሪ ብሎ እኔ ካልጠነከርኩ ጥፋቱ የማን ነው? ሌላ ሰው ቢሆን እስካሁን ድኖ ነበር።»

ጭራሮ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል፣ «ስንፍና አይደለም» አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?»

«ሰምቻለሁ። ለእማዬ ሲነግራት ሰምቻለሁ። ጠንክሪ አላለም። እንዳታደክሙት ነው ያለው።» ዘንጉን የምታዞረው እጇ ቆመ። «አይመለስም ነው ያለው፣ እትዬ።»

እትዬ መጨመቋን አቆመች። ግራ እጇን ከፍ አድርጋ አየችው።

«ይኼኛውስ?»

ጭራሮ ዓይኗን ሰበረች። መልሱ ያው እሱ ሆነ።

«መቼ ነው የሰማሽው?»

«ትምህርት ሳይከፈት።»

«እና ይህን ሁሉ ጊዜ እያላበኝ ስጨምቅ ቁጭ ብለሽ ታዪኝ ነበር?»

«እማዬ እኮ…»

«ዝም በይ! ዝም በይልኝ!»

ጎረቤት አንድ ሰው ሚስማር ይመታል። እትዬ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ እንባዋን የምትጠርገው በግራ እጇ ነው፣ እየጠረገችም እጇን ታየዋለች። በመጨረሻ ባልዲውን በአገጯ አመለከተች።

«ውሃው ቆሟል። አጥፊው በቃ።»

ጭራሮ ኤሌክትሪኩን አጠፋችና ሽቦውን ሳብ አድርጋ አወጣችው። የቅጠሏ ጫፎች ጠቁረው ሻክረዋል፤ ጅማቷ በጥቁር እንክብል ተውጦ የት እንዳለ አይለይም።

«ሌላ ቅጠል ላዘጋጅልሽ?»

«ለማን ብለሽ?» አለች እትዬ።

የውጭው በር ተከፈተና እናታቸው ከሥራ ገባች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ብቅ አለች። «እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ? እጅሽስ፣ የኔ ዓለም?»

ጭራሮ እህቷን አየች። የእትዬ ፊት ግን በአንዴ ተለወጠ፤ ፈገግ አለች።

«ደህና ነው እማ። እንዲያውም ዛሬ ላላ ብሎልኛል።»

«ተመስገን! አላልኩሽም?» እናታቸው ጎንበስ ብላ ግንባሯን ሳመቻት። ዓይኗ መቅላቱን ስታይ፣ «ይሄ አሲድ ዓይንሽን ፈጀው እኮ» አለችና ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

«እሷ አትችለውም» አለች እትዬ በሹክሹክታ። «ማወቄን እንዳትነግሪያት። አደራ።»

ጭራሮ ባልዲውን ከደነች፤ ጓንቱን አውልቃ እጇን ደጋግማ ታጠበች። ከወጥ ቤት እናቷ ስታንጎራጉር ይሰማል፤ እንዲህ ካንጎራጎረች ስንት ጊዜዋ። ነገ እናትየዋ እጅሽ እንዴት ነው ትላለች፣ እትዬ ደህና ነው ትላለች፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ሁለቱም ለየብቻ ያለቅሳሉ፤ ጭራሮ መሃላቸው ትቆማለች። ብትናገር ደግሞ የሚድን ነገር የለም፤ እጁ ያው እጅ ነው።

እጇን በቀሚሷ አደራረቀችና ወደ በሩ ሄደች።

«የት ነው?» አለች እትዬ። ከዚያ የገባት ይመስላል፣ «ጭራሮ! ተይ!» አለች። ልትነሳ ግን አልሞከረችም።

እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ጭራሮ የወጥ ቤቱን በር ቀስ ብላ ዘጋችና ከጥጉ ያለውን በርጩማ ሳበች።

«እማዬ፣ ቢላዋውን አስቀምጪውና ቁጭ በይ እስቲ» አለች።