በሰላማ አለቶች የታየችው መርከብ

በሂጅራ አንድ ሺህ ሠላሳ ሦስት፣ ፈረንጆች 1624 በሚሉት ዓመት፣ ሐሩሩ በጠናበት ወራት፣ የሆርሙዝ ሰርጥ በአቧራ ጭጋግ ታፍኖ ሰነበተ፤ ሰማዩና ውሃው አንድ መልክ ይዘው፣ ቅርቡ ሩቅ፣ ትንሹም ትልቅ እየመሰለ ዓይንን ያታልል ነበር፤ ውሃ ላይ ያረፈች ወፍ ባለሸራ ጀልባ ትመስላለች፤ ጀልባዋም ምሽግ ታህላለች።

የሰዉም ነገር ከጭጋጉ አይሻልም ነበር። የፋርሱ ሻህ ጦር ከእንግሊዝ ነጋዴዎች መርከቦች ጋር ተባብሮ የሆርሙዝን ደሴት ከፖርቱጋሎች ከነጠቀ ወዲህ፣ በሰርጡ ላይ ማን ጌታ፣ ማን ሎሌ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ፤ ፋርሶች በደሴቱ፣ ፖርቱጋሎች በኸሰብ ምሽግ ሆነው ይፋጠጣሉ፤ በመካከላቸው የኩምዛር መንደር ዓሣ አጥማጆች ሁለቱንም «ጌታችን» እያሉ ይኖራሉ። በመንደሩ ሹም በሼክ ሙሐይር ቤት አንድ ሣጥን ነበር፤ በውስጡም የፋርስና የፖርቱጋል ሰንደቅ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ የመጣው መርከብ እየታየ አንዱ ይሰቀላል፣ ሲሄድ ይወርዳል። የእንግሊዝ ሰንደቅ ግን አልነበራቸውም፤ እንግሊዝ በሩቅ ያልፋል እንጂ ወደባቸው ገብቶ አያውቅምና።

በዚያ ጠዋት የፖርቱጋሉ ካፒቴን ዱዋርቴ ወታደሮቹን አስከትሎ ከአሮጊቷ ከረፊዓ ደጅ ቆመ። የፈለገው የልጅ ልጇን ሁሜይድን ነበር፤ በአለቶቹ መካከል መርከብ አሳልፎ በመምራት በዚያ ዳርቻ የሚወዳደረው አልነበረምና።

«ውሃ ጭነው ወደ ሆርሙዝ የሚሄዱትን የፋርስ ጀልባዎች ከሰላማ አለቶች ጀርባ አድፍጠን እንይዛለን» አለ ካፒቴኑ፣ በአስተርጓሚ። «ብትመራን ዛሬውኑ ቤትህ ትመለሳለህ። እምቢ ካልክ ሬሳህ እዚሁ ደጅ ይቀራል።»

«ጌታዬ፣ ፋርሶች ከእርስዎ ጋር ካገኙኝ ይሰቅሉኛል» አለ ሁሜይድ።

«እንግዲያው እንዳንገኝ አድርገህ ምራን።»

ረፊዓ በመካከል ገባች። «ጌታው፣ ቁርስ እንኳ አልቀመሰም! ደረቱንም ያመዋል፤ የባሕር ንፋስ አይስማማውም!»

ወታደሮቹ ሳቁ። ሁሜይድም «አያቴ፣ ተይ፣ አታዋርጂኝ» ብሎ እጇን ስሞ ወጣ።

አባቱንም እናቱንም የቀበረችው እርሷ ነበረች፤ የቀራት እርሱ ብቻ ነው። የካፒቴኑ መርከብ እየተቀዘፈች ጭጋጉ ውስጥ ስትገባ፣ ልጁ ለአለቶቹ የሚገባቸውን ሳይሰጥ መሄዱ ትዝ አላት። ሰላማና ሴት ልጆቿ የሚባሉትን እነዚያን አለቶች የሚያልፍ ሁሉ ትንሽ ጀልባ ሠርቶ፣ ተምርና ጨው ጭኖ፣ ሸራ አልብሶ በውሃው ላይ ይለቃል፤ ይህን ሳያደርግ ያለፈ መመለሱ ያጠራጥራል። ፈረንጆቹ ደግሞ ይህን አያውቁ፣ ቢያውቁም አይፈቅዱ!

የሟች ባሏ ወንድም ዑበይድ ከተምር ዝንጣፊ ክንድ የምታህል ጀልባ ጠረበላት። ጭነቱ አላስቸገራትም፤ ያስጨነቃት ሸራው ነበር። ይህን ቀለም ብታደርግ ፋርስ ይቆጣል፤ ያንን ብታደርግ ፖርቱጋል ይቆጣል፤ አንዱን ታነሳለች፣ ትጥላለች። በመጨረሻ የማንም መንግሥት ያልሆነ ነገር አገኘሁ ብላ፣ ከሲንድ የመጣውን ነጭና ቀይ መስመር ያለበት የራሷን ሻሽ ቀደደች።

ዑበይድ ተምሩን አይቶ ምራቁን ዋጠ። «እኔ በዚህ ባሕር ላይ ሳረጅ አንዲት ፍሬ እንኳ ጥለሽልኝ አታውቂም፣ የወንድሜ ሚስት!»

«አንተን ማን ይፈልግሃል? ባሕሩም ቢውጥህ መልሶ ይተፋሃል።»

«ለነገሩ ሥጋዬ መራራ ነው» አለና ሳቀ።

በወደቡ ውስጥ ንፋስ ስላልነበረ ጀልባይቱ ብቻዋን አትወጣም፤ ስለዚህ በታንኳው ጎትቶ ከአፉ ወዲያ፣ የባሕሩ ጅረት ወደ አለቶቹ ከሚወስዳት ቦታ ሊለቃት ተስማማ። «ቶሎ ተመለስ!» ብላ ጮኸችበት። «ምነው፣ ናፈቅሁሽ?» የሚለው ድምፁ ከጭጋጉ ውስጥ ተሰማ፤ እርሱ ግን አልታየም።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ መድፍ ጮኸ፤ ቆይቶ ደገመ፤ ከዚያም ከወዲያ ማዶ ሌላ መድፍ መለሰ። መንደሩ በሙሉ ወደ ዳርቻው ፈሰሰ።

«የፋርስ ነው!»

«ምን የፋርስ ነው፤ ከአለቶቹ በኩል ነው እንጂ!»

«ሁለቱም ናቸው መሰለኝ!»

«ታዲያ ማን ነው የረታው? የቱን ልስቀል?» እያለ ሼክ ሙሐይር ሁለቱን ሰንደቆች በሁለት ክንዱ ታቅፎ ወዲህና ወዲያ ይል ነበር፤ አንዱን ሰቀለ፣ አወረደ፤ ሌላውን ሰቀለ፣ እርሱንም አወረደ። ረፊዓ ዓይኗ እስኪያነባ ጭጋጉን አፈጠጠችበት፤ አንድ ጥላ ብቅ ባለ ቁጥር «ሁሜይድ ነው» ትላለች፤ ጥላውም አለት ወይም ወፍ ይሆንባታል።

ከሰዓት በኋላ የካፒቴኑ መርከብ ወደ ኸሰብ ስትሸሽ በወደቡ አፍ አለፈች፤ ሁሜይድን በትንሽ ጀልባ አውርዳ ሄደች። ረፊዓ ፊቱን፣ ደረቱን፣ ጣቶቹን ሳይቀር ዳበሰች፤ ቤት አስገብታም ዓሣ አቀረበችለት።

«አያቴ፣ ያዳንሽኝ አንቺ ነሽ» አለ እየሳቀ። «ከአለቶቹ ጀርባ አድፍጠን ሳለን ጠባቂው ‹የእንግሊዝ መርከብ!› ብሎ ጮኸ። ባየው የአንቺ ሻሽ ነው! አፍንጫዬን ስትጠርጊበት ያደግሁትን ላጣው ነው? ለካ የእንግሊዝ ነጋዴዎችም ሰንደቅ እንደዚያው ነጭና ቀይ መስመር ነው። ጭጋጉ ደግሞ ተራራ አሳክሏታል።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ካፒቴኑ ሲጠይቀኝ ‹እውነት ነው፤ ትልቅ ነው› አልኩት። አሁንም ሲያመነታ ከኋላዋ አንድ ጥቁር ነገር ታየኝ፤ ‹ያውና ሁለተኛው!› አልኩ። ያን ጊዜ ደነገጠ፤ በሁለተኛው ላይ መድፍ አስተኮሰና ዞረን ሸሸን። ፋርሶቹም ሰምተው ከማዶ ተኮሱ። ማንም ማንን እንደሚመታ አያውቅም ነበር!»

ረፊዓ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። በበሩ በኩል ወደ ወደቡ ተመለከተች፤ የዑበይድ ታንኳ ገና አልተመለሰም።

«ግን ጀልባይቱን ማን አወጣልሽ?» አለ ሁሜይድ። «ዛሬ በወደቡ ንፋስ የለም እኮ።»

«ነበረ።»

«መቼ?»

«ነበረ አልኩህ፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ተነሣ። ብላ፣ ዓሣው ቀዘቀዘ።»

ልጁ ዓይኗን አየ፤ ከዚያ ወደ በሩ፣ ወደ ጸጥተኛው ውሃ ተመለከተ፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ በላ። ያንን ጥያቄ ዳግመኛ አልጠየቃትም። ሳይገባው ቀርቶ ይሁን ወይስ ገብቶት፣ እርሷ እስከ ዕለተ ሞቷ አላወቀችም። መንደሩ ዑበይድን «ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ባሕር ወሰደው» ብሎ አለቀሰለት፤ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው ሁሜይድ ነበር።

ካፒቴን ዱዋርቴ ሁለት የእንግሊዝ መርከቦችን ተዋግቶ አንዱን እንዳሰጠመ ለአለቆቹ አስታወቀ፤ ተመሰገነም። የፋርሱ የጦር አለቃ በበኩሉ ፖርቱጋሎችን በመድፉ እንዳባረረ ተናገረ፤ እርሱም ካባ ተሸለመ። በዚያ ቀን በሰርጡ አንድም መርከብ ያልነበራቸው እንግሊዞች ወሬውን ሲሰሙ ለጥቂት ጊዜ ግራ ተጋቡ፤ ኋላ ግን ድሉ የእነርሱ እንደሆነ ሰው ሲያወራ ዝም አሉ። እንዲህ ሆኖ ያ ቀን ሦስት ድል አድራጊዎች ተገኙለት።

ረፊዓ ግን ማመስገን ይሁን ንስሐ መግባት የሚገባት ሳይለይላት ኖረች። በየዓመቱ ሐሩሩ ሲጠና ሸራ የሌላት ጀልባ ሠርታ፣ ዑበይድ የጎመጀውን ተምር ጭና፣ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብታ ራሷ ትገፋት ነበር፤ ከዚያም እስኪመሽ ከዳርቻው ተቀምጣ፣ ባሕሩ የሚተፋውን ትጠብቃለች።