ለጂቱ የተተወው ቦታ

አላምንሽም የሚለኝ ሰው ካለ አልቀየመውም። እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው አላምንም ነበር።

ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አላለምኩም፣ እንቅልፍም ወስዶኝ አልነበረም።

ደግሞ ጨለማ እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ሱሉልታ ላይ... ፀሐይ ወጥታ።

ደመቀች እባላለሁ። ሀገሬ ሆሳዕና ነው። ሰበታ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። እዚያው አጠገብ፣ ዓለም ገና ላይ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ።

እሁድ ከቸርች መልስ ሌላው ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ፣ እኔ ካሜራዬን ይዤ ታክሲ እሳፈራለሁ። አንዳንዴ ቡራዩ፣ ውሃው ዳር። አንዳንዴ ለገዳዲ። ያገኘሁትን አነሳለሁ። የሰው ሠርግ፣ የሰው ልጅ፣ የሰው እናት...

ካሜራዬ በሰው ቤተሰብ የተሞላ ነው። የኔ የምለው ሰው ግን አንድም የለበትም።

ካሜራው ያገለገለ ነው፤ መርካቶ ነው የገዛሁት። ባትሪው ግማሽ አለኝ ብሎ ድንገት ድርግም ይላል። ሌንሱ ፎከስ አደርጋለሁ ሲል ወዲያና ወዲህ እያለ ያቃስታል። ስንት ጥሩ ፎቶ አበላሽቶብኛል!

ለዚህ ነው የዚያን ቀን የሆነውን መጀመሪያ በካሜራው ያመካኘሁት።

ወንዲ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የስፌት ማሽን ይጠግናል። ወላጆቹ ሱሉልታ ናቸው። አንድ ቀን ምሳ እየበላን፦

"ደሜ፣ አባቴ ደክሟል" አለኝ። "ሳይ... ማለቴ፣ አንድ የቤተሰብ ፎቶ ብታነሺን።"

"ደስ ይለኛል። ስንት ናችሁ?"

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

"ሦስት" አለ። ከዚያ ጉርሻውን መልሶ አስቀምጦ፣ "አራት ነበርን።"

እህቱ ጂቱ ቤሩት ለሥራ ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንዱ ሞታለች ይላል። አንዱ በአካል አይቻታለሁ ይላል። የትኛውን እንደሚያምኑ እነሱም አያውቁም።

በቀጣዩ እሁድ አብረን ሄድን።

ቤታቸው ከጎጃሙ መንገድ ወደ ታች፣ ሜዳው ጫፍ ላይ ነው። የከባድ መኪናው ድምፅ እስከዚያ አይደርስም። ነፋስ ብቻ። የሣር ክምርና የባህር ዛፍ አጥር።

አባቱ ኦቦ ሊቤ በዱላቸው ተደግፈው በር ላይ ጠበቁን። እናቱ አዴ ዲንቄ አገላብጠው ሳሙኝ።

"አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ!"

እንዴት ነሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጄ ያለኝ ሰው ከነበረ ቆይቷል። 

አጥሩ ሥር አቆምኳቸው። ኦቦ ሊቤ ወንበር ላይ፣ አዴ ዲንቄ ከጎናቸው፣ ወንዲ ዳር ላይ።

በአዴ ዲንቄና በወንዲ መሀል ሰፊ ክፍተት ነበር።

"ወንዲ፣ ወደ እናትህ ጠጋ በል" አልኩት።

አልተንቀሳቀሰም። መሬት መሬት ያያል።

"ተዪው" አሉኝ አዴ ዲንቄ ቀስ ብለው። "እዚህ ጋ ጂቱ ናት።"

የጂቱ ቦታ ነው አላሉም። ጂቱ ናት ነው ያሉት። እኔ ግን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። የእናት ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት።

ካሜራውን አነሳሁ።

ካሜራዬ የሰው ፊት ሲያገኝ ስክሪኑ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ካሬ ያደርግበታል። ኦቦ ሊቤ ፊት ላይ አደረገ። አዴ ዲንቄ ላይ አደረገ። ወንዲ ላይ አደረገ።

ከዚያ ክፍተቱ ላይ አደረገ።

ባዶው ላይ...

"ይሄ ደግሞ ጀመረው" አልኩና አጥፍቼ አበራሁት። ተመልሶ እዚያው። ይባስ ብሎ የሦስቱ ካሬ ጠፍቶ የባዶው ብቻ ቀረ።

አጥሩ ይሆናል አልኩ። አንዳንዴ የግንድ ቋጠሮ ፊት ይመስለዋል፤ ከዚህ በፊትም አታሎኛል። አጥሩ ከጀርባቸው እንዲርቅ ወደ ግራ ሄጄ ቆምኩ።

አሁን ከክፍተቱ ኋላ ያለው ሰማይ ብቻ ነው።

ካሬው አልጠፋም። በሰው ቁመት ልክ፣ ከአዴ ዲንቄ ትንሽ ከፍ ብሎ... ቆሟል።

"ምነው ቆየሽ?" አለ ወንዲ።

"ፎከስ እምቢ ብሎኝ ነው" አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ።

ከዚያ ካሬው ተንቀሳቀሰ።

ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ወደ አዴ ዲንቄ በኩል ሄደና ጠፋ።

ፎቶ የምታነሱ ታውቁታላችሁ። ካሬው የሚጠፋው ሰው ፊቱን ሲያዞር ነው።

ፎከሱን በእጄ አስተካክዬ አነሳሁ። ደጋግሜ አነሳሁ። ፎቶዎቹ ጥርት ብለው ወጡ። ሦስት ሰዎችና አንድ ባዶ ቦታ። ሌላ ምንም የለም።

ደስ ብሎኝ ተነፈስኩ። አየሽ፣ ካሜራው ነው አልኩ ለራሴ።

ግን ፎቶውን ሳቀርበው የአዴ ዲንቄን ቀኝ እጅ አየሁት። ክፍተቱ ውስጥ ነው። ጣቶቻቸው ታጥፈዋል፣ አውራ ጣታቸው በላያቸው ተኝቷል...

የሰው እጅ እንደያዘ ሰው።

ወንዲ አባቱን ደግፎ ወደ ቤት ሲያስገባ አዴ ዲንቄ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

"ፎቶው ላይ ወጣች?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ማን፣ አዴ?"

 እጃቸውን ብቻ አዩት።

"አልወጣችም" አልኳቸው።

"እህ..." አሉ። "ታፍራለች።"

ልሄድ ስል ኦቦ ሊቤ እጄን ያዙኝ። "እንዳትፈሪያት፣ ልጄ" አሉ። "ሚስቴ ብቻዋን ታወራለች። ልጅ የጠፋባት እናት ናት።"

"ይገባኛል፣ ኦቦ።"

እጄን ግን አልለቀቁም። ወደ ጓዳው በር ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ቀነሱ።

"እኔም አንዳንዴ... መልስ የምሰማ ይመስለኛል።"

ለወንዲ ምንም አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ካሜራዬ እህትህን አገኛት ልበለው? ሞታለች ማለት አይደል?

ፎቶውን አሳጥቤ በፍሬም ላክሁላቸው። ለመርሳት ሞከርኩ። እሁድ እሁድ ግን ካሜራዬን ማንሳት አስጠላኝ። ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ የጎረቤቶቼን ሳቅ እሰማለሁ። ያን ያህል ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ወንዲ በፋብሪካው ግቢ እየሮጠ መጣ። ያለቅሳል፣ ይስቃል።

"ደሜ! ጂቱ ደወለች!"

"ምን?"

"አለች! በሕይወት አለች! አሠሪዎቿ ስልኳን ነጥቀዋት ነው። አሁን ሌላ ቤት ገባች። ልትመጣ ነው፣ ደሜ!"

አቅፌው አለቀስኩ። ከልቤ ደስ አለኝ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ። ልጅቷ ካለች ያ ሁሉ የካሜራ ብልሽት ነበር ማለት ነው!

"ፎቶውን ላኩላት" አለ። "ልታመሰግንሽ ትፈልጋለች፣ እንኪ።"

ስልኩን ሰጠኝ። ድምጿ ቀጭን ነው፤ አሠሪዋ እንዳትሰማት ትንሾካሾካለች።

"እህቴ፣ ገለቶሚ። አባቴን እንዳየው አደረግሽኝ..."

"እግዚአብሔር ይመስገን ጂቱ፣ እንኳን ተገኘሽ።"

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ?"

"ጠይቂኝ።"

"ከእማዬ ጎን ያለችው ልጅ ማናት?"

ወንዲን አየሁት። ፈገግ ብሎ ያየኛል።

"ከእናትሽ ጎን ያለው ወንዲ ነው" አልኳት።

"አይ። በእሷና በወንዲ መሀል።"

"እዚያ ማንም የለም። ክፍት የተተወው ላንቺ ነው።"

 

"አትቀልጂብኝ" አለች። "እያየኋት ነው። የእማዬን እጅ ይዛለች። ፊቷ ግን አይታየኝም... ለምንድን ነው ካሜራውን የማታየው? ለምንድን ነው እማዬን ብቻ የምታየው?"



"እማዬ ሌላ ልጅ አመጣች?" ድምጿ ተሰበረ። "እኔ እኮ ልመጣ ነው። ስመጣ... የት ነው የምቆመው?"

ስልኩ ተቋረጠ።

"ምን አለችሽ?" አለኝ ወንዲ።

"አመሰገነችኝ" አልኩት።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ብቻዬን ወደ ሱሉልታ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ በደንብ አላውቅም። አዴ ዲንቄ ደህና መሆናቸውን ማየት ፈለግሁ መሰለኝ።

ስደርስ ዶፍ ይወርዳል። ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው። ኦቦ ሊቤ ተኝተዋል። አዴ ዲንቄ በሩን ገርበብ አድርገው ከኋላው ቆመዋል፤ ወደ ውጭ ያያሉ።

"እንኳን ደስ አለዎት፣ አዴ" አልኳቸው። "ጂቱ ተገኘች።"

"አሜን። ድምጿን ሰማሁ። የኔ ልጅ ናት፣ ጂቱ ናት።"

ፊታቸው ግን የደስታ አልነበረም። የጨነቀው ሰው ፊት ነበር። አሁንም ወደ ውጭ ያያሉ።

"አዴ... ምን ሆኑ?"

ጎንበስ አሉና በጆሮዬ፦

"ይቺኛዋንስ ምን ልበላት?"

"የትኛዋን?"

"ጂቱ መስላኝ አስገባኋት። ሁለት ክረምት አብራኝ ኖረች። አብራኝ አለቀሰች። ዛሬ ጠዋት፣ ልጄ በሕይወት አለች፣ አንቺ ማን ነሽ አልኳት..."

"እሺ?"

"ተነስታ ወጣች።"

በእጃቸው ወደ ግቢው አመለከቱኝ።

ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ጣሪያ በሌለው ቦታ፣ አንድ የእንጨት አግዳሚ ወንበር አለ። ዝናቡ ይደበድበዋል። ጣውላው ርሶ ጠቁሯል፣ ውሃው ከጫፍ ጫፍ ይንጠባጠባል።

መሀሉ ላይ ግን አንድ ቦታ ደረቅ ነው።

አንድ ሰው የሚቀመጥበት ያህል።

እያየሁት ዝናቡ ይወርዳል... ቦታው አይረጥብም።

ካሜራዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። 

አዴ ዲንቄ ወደ ጓዳ ገብተው የራሳቸውን ጋቢ ይዘው ወጡ።

"አዴ፣ ይቅርብዎት" አልኳቸው።

"ማንም የላትም" አሉ። "ብርድ ነው።"

ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ጋቢውን ዘርግተው ደረቁ ቦታ ላይ ጣል አደረጉት።

ጋቢው ጣውላው ላይ አልወደቀም።

እንደ ትከሻ ክብ ሆኖ... አየር ላይ ቆመ።

አዴ ዲንቄ ከጎኑ ተቀመጡ። ውሃው በፊታቸው ይወርዳል፤ የሆነ ነገር ያወራሉ፣ አልተሰማኝም።

ከዚያ ጋቢው ቀስ ብሎ ዘንበል አለና ትከሻቸው ላይ ተደገፈ።