የጨንቻው ነቀዝ

በመጀመሪያ እንተማመን፣ እኔ ነፍሳት የማጠና፣ በዓይኔ ያላየሁትን የማልጽፍ ሰው ነኝ፣ ስለ መንፈስ ምናምን ሲወራ ሒሳቤን ከፍዬ የምወጣ ነበርኩ።

ለማስተርስ ጥናቴ ጨንቻ፣ አንድ የደረቀ የአፕል ግንድ ላይ የፈንገስ ነቀዝ አገኘሁ፣ ሻጋታ የሚበላ፣ ከቅርፊቱ የማይለይ ግራጫ ነገር ነው፣ ጂነሱን፣ ማለትም ወገኑን ለመለየት ደግሞ የአንቴናው ጫፍ መታየት አለበት። አርባ ምንጭ አምጥቼ፣ ሞቶ ከደረቀ በኋላ እንደ ደንቡ ቀኝ ክንፉን በመርፌ ስወጋው ሁለቱም አንቴናዎቹ ከመሃል ተቀነጠሱ። ሌላ ካላገኘሁ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው፣ በጣም ተናደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ነቀዙን ያስቀመጥኩበት መሳቢያዬ ውስጥ ኮሽ ኮሽ ይላል፣ የቤተ ሙከራ ባልደረባዬ መሠረት «አይጥ ነው» አለችኝ፣ እኔም አይጥ ነው ብዬ ተውኩት።

ሌላ ፍለጋ ጨንቻ ስመለስ ዛፉ ያለበት ግቢ ባለቤት ወይዘሮ አስቴር ግንዱን ሊያስፈልጡት መጥረቢያ አስወጥተዋል።

«መምህር፣ ለነቀዝ ብለህ ነው ከአርባ ምንጭ ሴቻ ድረስ የመጣኸው? ባቄላችን ውስጥ ሞልቶልህ የለም እንዴ!» ብለው ሳቁብኝ።

ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ግንዱን መታ መታ ሳደርገው አንድ ነቀዝ ዱብ አለ፣ ደስታዬን አትጠይቁኝ! በአጉሊ መነጽር ሳየው ግን አንቴናዎቹ ከመሃል ተቀንጥሰዋል፣ ዕድሌ ነው አልኩ፣ ቀኝ ክንፉን ሳይ ደግሞ ክብ ቀዳዳ አለ፣ የመርፌዬ ልክ፣ እመኑኝ፣ እንደዚያ የተወጋ ነፍሳት አይሄድም፣ ይሄኛው ግን ጨርቁ ላይ ይሄዳል።

ፈራሁ። መሠረት ጋ ደወልኩ።

«መሳቢያዬን ክፈቺልኝ፣ ነቀዙ አለ?»

«አለ፣ መርፌው ላይ ነው፣ ምን ሆነሃል?»

ተነፈስኩ። «እስቲ በማይክሮስኮፕ እዪው።»

ማይክሮስኮፑን ስታስተካክል ይሰማኛል።

«አንተ፣ አንቴናው ተሰበረ ብለኸኝ አልነበር? ሁለቱም ሙሉ ናቸው እኮ!»

ወደ ጨርቁ ስዞር ባዶ ነው፣ ወይዘሮ አስቴር «ግንዱ ውስጥ ተመልሶ ገባ» አሉ፣ ፊቴን አይተው ነው መሰል መጥረቢያውን መልሰው አስገቡት፣ ግንዱ እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል።

ጂነሱ በእነዚያ አንቴናዎች ተለየ፣ አማካሪዬም ፈረሙልኝ፣ ተመረቅኩ። ነቀዙ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ወገኑን ብትጠይቁኝ ያለ ጥርጥር እነግራችኋለሁ። እሱን በመርፌ የወጋሁት ግን እኔ አይደለሁም።