«ቁረጪው» የሚለው ድምፅ

በዋርሳ መንግሥት የንጋት ቀንድ ሳይነፋ ጀንበር ወጥታ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን ወጣች። ቀንድ ነፊው ከማማው ሥር ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሲያለቅስ ተገኘ፤ ቀንዱ ተሰርቋል። እኩለ ቀን ሳይሞላ ከታላቁ ገደል ጉም ተነሥቶ የታችኛውን ሰፈር ዋጠው። በጉሙም ውስጥ ቀንዱን የሰረቀው፣ ቀንዱ እየተነፋ ከዋሻው መውጣት የማይችለው የገደሉ አውሬ ሞርጋ ነበረ።

ሞርጋን በዓይኑ ያየ ጥቂት ነው፤ የሰማው ግን ብዙ ነው። አውሬው የሚናገረው በሰሚው በራሱ ድምፅ ነበርና፣ ሰው ሁሉ የገዛ ሐሳቡ ይመስለዋል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ባነሣ ቁጥር «ጉሮሮውን!» የሚል ድምፅ እየሰማ ሱቁን ዘጋ። አንዲት እናት ልጆቿን ለጎረቤት ሰጥታ በሯን ከውስጥ ቆለፈች። ንጉሥ ደልባንም ይህን ሲሰሙ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«ክፉ ያሰበ፣ ክፉ እንዳደረገ ይቆጠራል! ያሰበ ይናዘዝ፤ እጁም በሰንሰለት ይታሰር!»

ንጉሡ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ፈርተው ነው። የፈራ ንጉሥ ደግሞ ከአዋጅ ሌላ ምን ያውቃል? በእርግጥ አንድም የተናዘዘ አልተገኘም። ሕዝቡ አፉን ዘግቶ እርስ በርሱ በጎሪጥ ይተያይ ጀመር።

ትሁኔ ለዚህ ነገር እንግዳ አልነበረችም። እሷ ገመደኛ ናት። በዋርሳ ገመደኛ ማለት ሰውን በወገቡ አስሮ ገደል የሚያወርድና የሚያወጣ ነው፤ ገመድ ሲጠላለፍ የሚቆርጥበት ቢላም ከመታጠቂያው አይለይም። ቀንዱ ከመሰረቁ ከስምንት ዓመት በፊት፣ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሰው በገመዷ ጫፍ በተንጠለጠለ ቁጥር «ቁረጪው» የሚል ድምፅ ይመጣባት ጀመር። አንድም ቀን ቆርጣ አታውቅም። ቢሆንም «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ሲባል ሰምታ አድጋለችና፣ ራሷን ገና ያልተያዘች ነፍሰ ገዳይ አድርጋ ትቆጥር ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

ቀንዱን ለማስመለስ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፤ አርባ ዓመት ገመድ የያዙትና እሷንም ያስተማሯት ሽማግሌ አባ ቢረሳው፣ የንጉሡ ጦረኛ ዛርማ፣ ከገመደኞች ሁሉ ክንደ ብርቱዋ ትሁኔ። ዛርማ በአደባባይ ሰይፉን መዝዞ ማለ።

«በአባቶቼ አጥንት እምላለሁ! ሞርጋ አንድ ቃል ቢተነፍስ አሥር እመልስለታለሁ!»

«አሥር?» አሉ አባ ቢረሳው ገመዳቸውን እየጠቀለሉ። «እንግዲያው እዚያው ሊያከርምህ ነው።»

እንዳሉትም አልቀረ። በገደሉ ወገብ ጉሙ ሲቀበላቸው ዛርማ ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ። «እኔ ወዳጆቼን አልገፋም!» ብሎ ጮኸ። «መቼ ገፍቼ አውቃለሁ? በሰላሳ ጦርነት ማንን ከዳሁ?» በመለሰ ቁጥር ጉሙ በዙሪያው ይጠነክራል፤ በጠነከረ ቁጥር እሱ አዲስ ምስክር ይጠራል። በመጨረሻ ያ ሁሉ ግዙፍ ሰው ከድንጋዩ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ከብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ «አልገፋም፣ አልገፋም» ከማለት በቀር አንድ እርምጃ መራመድ አቃተው። ከወይራ ሥር ጋር አስረውት ሁለቱ ብቻ ወረዱ።

ከመጨረሻው እርከን ደረሱ። ከሥራቸው የሞርጋ ዋሻ ጥቁር አፉን ከፍቷል። ሽማግሌው ገመዱን በወገባቸው ሲያስሩ ትሁኔ ቢላዋን ፈትታ ዘረጋችላቸው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አባ፣ ይህን ይውሰዱልኝ።»

«ለምን?»

ትሁኔ አዋጁን አሰበች፤ ሰንሰለቱን አሰበች። ቀጥሎ የሽማግሌውን ፊት አየችና ሆዷ አልችል አለ።

«ቁረጪው ይለኛል። ዛሬ የጀመረኝ አይደለም፤ ስምንት ዓመት ሆነኝ። እርስዎን ባወረድኩ ቁጥር ይለኛል። እኔ ክፉ ነኝ አባ። ሌላ ሰው ያውርድዎ።»

አባ ቢረሳው ሳቁ። በዚያ ገደል ላይ፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ።

«እኔንስ ምን የሚለኝ ይመስልሻል? አርባ ዓመት ሙሉ ብሎኛል! አማቴን ሳወርድማ እየጮኸ ነው ያለኝ!»

«እና ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ? እጄ ገመድ ይዟል። እሱ ይናገራል፣ እኔ ክንድ በክንድ እለቃለሁ። ዝም በል አልለውም፤ በክርክር የሚረታ ቢሆን ዛርማ በረታው። ደግሞ አስተውይ፤ የሚመጣብሽ በምትሳሽለት ነገር ነው። ሰው ሊገድለው ለሚፈልገው ሰው እንዲህ አይንቀጠቀጥም።»

«የፈሩት ይደርሳል ይባላል እኮ፣ አባ።»

«ይባላል። የፈሩት ሁሉ ቢደርስ ኖሮ ዋርሳ ውስጥ ሰው ይቀር ነበር? በይ ቢላሽን ታጠቂ። ለእኔ ከሰጠሽኝ እሱ አዛዥ አንቺ ታዛዥ ሆናችሁ ማለት ነው።»

ታጠቀችው። ገመዱን በትከሻዋ አዙራ ሽማግሌውን አወረደች። «ቁረጪው» አላት። አልመለሰችለትም፤ አንድ ክንድ ለቀቀች። «ቁረጪው! አሁን!» ሌላ ክንድ ለቀቀች። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ እጇም ሥራውን አልተወም። ሃምሳ ሁለተኛው ክንድ ላይ ገመዱ ላላ፤ አባ ቢረሳው መሬት ረገጡ።

ጥቂት ቆይቶ ለምልክትና ለዕቃ አብሯቸው የወረደው ቀጭኑ ገመድ ሦስት ጊዜ ተሳበ። ጎተተችው፤ የንጋት ቀንድ በወርቅ ቀለበቱ እያበራ ከጉሙ ወጣ። ከጎኗ አስቀምጣ ሽማግሌውን መሳብ ጀመረች። ጭንቅላታቸው ታየ፣ ቀጥሎ ፈገግታቸው ታየ። አሥር ክንድ ሲቀራቸው ከዋሻው አንድ ነገር ወጣ። መልኩ ጉም ነው፣ ክብደቱ ግን የበሬ መንጋ። እግራቸውን ጨምድዶ ወደ ታች ሳባቸው።

ገመዱ የትሁኔን መዳፍ ላጠው። እግሯ ወደ አፋፉ ተንሸራተተ፤ ቀንዱም በገመዱ ተጠልፎ አብሯት መጎተት ጀመረ። «ቁረጪው! ቁረጪው!» ድምፁ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ትሁኔ ጥርሷን ነክሳ ያዘች። ሁለት ስንዝር ቀራት፣ አንድ ስንዝር ቀራት፤ አሁንም ያዘች።

«ትሁኔ!» አሉ አባ ቢረሳው። «እይኝ! ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ!»

ቢላቸውን ከፍ አድርገው አሳዩዋት።

«ይህ የማን እጅ ነው?»

«አይሆንም አባ! ይዤዎታለሁ! አልለቅዎትም!»

«እንደማትለቂኝ አውቃለሁ። የማን እጅ ነው? በይው!»

«የእርስዎ» አለች እያለቀሰች።

«የእኔ ነው። ነገ ሌላ ነገር ቢልሽ፣ ያየሽው ይህን ነው።»

ቆረጡት።

ትሁኔ ወደ ኋላዋ ወደቀች። ተነሥታ በደማ እጇ ቀንዱን አነሣች፤ በእንባና በሲቃ መካከል ባላት ትንፋሽ ሁሉ ነፋችው። ገደሉ ተናወጠ። ጉሙ ተበጣጥሶ ወደ ጥልቁ ፈሰሰ፤ ሞርጋም አብሮት ሰመጠ። ከላይ ዛርማ እጆቹን ከብብቱ አውጥቶ እንደ ሕፃን ያገላብጣቸው ጀመር።

በዋርሳ ሁሉ ድምፁ ጠፋ። ከትሁኔ ግን አልጠፋም፤ ከሞርጋ በፊት የነበረ ነውና ከሞርጋ ጋር አልሄደም። መንገዱን ሙሉ «አንቺ ነሽ የቆረጥሽው» ይላት ነበር። በአደባባይ ሕዝቡ እልል ሲል እሷ ከንጉሡ ፊት ቆማ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«ንጉሥ ሆይ! አዋጅዎ እውነት ከሆነ ከሁሉ በፊት እኔን ይሰሩኝ። ይህን ቀንድ ያመጡ እጆች ስምንት ዓመት ክፉ ሐሳብ የሚመላለስባት ሴት እጆች ናቸው። አባ ቢረሳውም አርባ ዓመት ሰምተውታል፤ በአርባ ዓመት ውስጥ የቆረጡት ሰው ራሳቸውን ብቻ ነው።»

ንጉሡ የተላጠውን መዳፏን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ሰንሰለቱን ወደ አንጥረኛው መልሱ» አሉ በመጨረሻ።

ትሁኔ ለድሉ ግብዣ አልቆየችም። ወደ አባ ቢረሳው ሴት ልጅ፣ ወደ እንጉዳይ ቤት ሄደች። እንጉዳይ ከወለደች አምስተኛ ቀኗ ነው፤ ወንዱን ልጅ ታቅፋ ከመደብ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ገመዱን ማን ቆረጠው?» ብላ ጠየቀቻት፤ መርዶው ደርሷት ነበር።

«እሳቸው ራሳቸው። እያየሁ።»

እንጉዳይ አለቀሰች፤ ትሁኔም አለቀሰች። ብዙ ቆይተው «ስሙን ማን አላችሁት?» አለች ትሁኔ።

«አባዬ ሲመለስ ያወጣለታል ብዬ ዝም ብዬ ነበር።» እንጉዳይ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «እስቲ ያዢልኝ፣ ፊቴን ልታጠብ።»

«ጣዪው» አላት ድምፁ።

እጇን ልትሰበስብ ነበር፤ ከዚያ ዘረጋችና ሕፃኑን ተቀበለች። ሞቃትና ቀላል ነበር። «ጣዪው። ከምድጃው ድንጋይ ላይ።» አንገቱን በጨርቅ በተጠቀለለ መዳፏ ደገፈች፣ አፉ ላይ የቀረውን ወተት ጠረገችለት፣ ቀስ እያለች እሹሩሩ አለችው። እንጉዳይ ፊቷን ታጥባ መጥታ ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

«ገና ነው» አለቻት ትሁኔ። «ትንሽ ልያዘው።»